የምላስ ሰዓት

ሰው ሁሉ ስኳርን አንድ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው። ነጭ ነው፣ ይጣፍጣል፣ አለቀ። አንድ የሽሮፕ ፋብሪካ ገብታችሁ እንዲህ ብትሉ ግን ከጥበቃው ጀምሮ ይስቅባችኋል። እዚያ ስኳር ሁለት ነው። ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ሽሮፕ ውስጥ ተቃቅፈው ይመጣሉ፤ የፋብሪካው ሥራ እነሱን ማለያየት ነው።

የሚያለያያቸው ዓምዱ ነው። ሦስት ፎቅ የሚያህል የብረት በርሜል ሲሆን፣ ሆዱ ሬዚን በሚባሉ የሰናፍጭ ዘር በሚያካክሉ ቢጫ ፍሬዎች ጢም ብሏል። ፍሬዎቹ ካልሲየም ጠጥተዋል። ትኩሱ ሽሮፕ ከላይ ይገባል፣ ከኋላው ትኩስ ውሃ ይገፋዋል። ፍሩክቶስ ያን ካልሲየም ሲያገኝ፣ መንገድ ላይ ዘመድ እንዳገኘ ሰው እየቆመ፣ ደህና ነህ ወይ እየተባባለ ይዘገያል፤ ግሉኮስ ግን ማንንም ሰላም ሳይል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ከታች መጀመሪያ ግሉኮስ ይወጣል፣ ቀጥሎ የተደባለቀው፣ በመጨረሻ ፍሩክቶስ። የተደባለቀው ተመልሶ ወደ ላይ ይላካል። ንጹሁ ፍሩክቶስ መውረድ ሲጀምር ቫልቩን ወደ ራሱ ታንከር ማዞር ነው፤ ይህን ሠራተኞቹ መቁረጥ ይሉታል። ቀድመው ከቆረጡ ግሉኮሱ አብሮ ይገባል። ዘግይተው ከቆረጡ ጥሩው ወደ ኋላ ይመለሳል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው።

ጋሽ ቀማሽ ያቺን ደቂቃ በምላሱ ነበር የሚያውቃት። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የሠራተኛ መዝገብ ክፍል ብቻ ናቸው። ከዓምዱ ግርጌ ካለችው ትንሽ ቧንቧ በማንኪያ ጠብ ያደርግና፣ እፍ እፍ ብሎ አብርዶ፣ ምላሱ ላይ ያሳርፋታል። "ግሉኮስ ሰነፍ ነው" ይል ነበር ለአዲስ ገቢዎች። "ምላስ ላይ ቆይቶ ይመጣል፣ ከመጣም አልሄድም ይላል። ፍሩክቶስ ግን ገና ሳትውጠው ጣፍጦ፣ ሳትጠግበው ይሄዳል።" ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆይና "ቁረጥ!" ብሎ ይጮኻል። ስንት መሐንዲስ መጀመሪያ ስቆ፣ ቀጥሎ ተከራክሮ፣ በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ ወጥቷል።

በኋላ መሣሪያ ተገዛ። ብርሃን በሽሮፑ ውስጥ አሳልፎ የሚያይ ነው፤ ግሉኮስ ብርሃኑን ወደ ቀኝ ያጣምመዋል፣ ፍሩክቶስ ወደ ግራ። መነጽሩ አሉት። መነጽሩ ግን አንዳንዴ በእንፋሎት ይጨልማልና፣ አለቆቹ ምላሱንም አልጣሉትም። በደብተሩ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ሣጥን ተሠመረ፤ አንዱ "የመነጽር ሰዓት"፣ አንዱ "የምላስ ሰዓት"። ቫልቩን እያዞረች እነዚህን ሁለት ሣጥኖች የምትሞላው ደግሞ የጋሽ ቀማሽ ልጅ ነበረች። ከጽሑፏ ንጽሕና የተነሣ፣ ከቃሏም ጽናት የተነሣ፣ ሠራተኛው ሚዛን ብሎ ይጠራታል። "ሚዛን ከጻፈችው በቃ ነው" ይባል ነበር። እንግዲህ ስም ማውጣት ቀላል ነው፣ ችግሩ መሸከሙ ላይ ነው።

አባቷ ታመመ። ትኩሳት ነበር፣ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ጣለው። ሲነሣ ከስቷል እንጂ ደህና ነበር፤ ብቻ እህሉ ሁሉ አመድ አመድ ይለኛል አለ። "ይመለሳል፣ ምን አስቸኮለህ" አሉት።

ወደ ሥራ በተመለሰበት ጠዋት እሱ በቧንቧው በኩል፣ እሷ በቫልቩ በኩል ቆሙ። በመካከላቸው ዓምዱ አለ፤ አንዱ ሌላውን አያየውም፣ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። "ቁረጪ!" አለ። እጇ እጀታው ላይ ነበር። ዓይኗ ግን መነጽሩን አየ፤ ገና ወደ ቀኝ ነው። ግሉኮስ ነው የሚወርደው። ሃያ ስምንት ዓመት ያልሳተው ሰው ሁለት ደቂቃ ከግማሽ ቀድሞ ጮኸ።

አላዞረችም። ፓምፑ ይጮኻል፣ የቫልቩን ድምፅ እሱ እንደማይሰማ ታውቃለች። ጠበቀች፣ መነጽሩ ወደ ግራ ሲያልፍ አዞረች። ከዚያ ብዕሯን አንሥታ በመነጽር ሰዓት ላይ ትክክለኛውን ጻፈች። በምላስ ሰዓት ላይ ልትጽፍ ስትል አባቷ ዓምዱን ዞሮ መጣ፣ ማንኪያዋን በካፖርቱ እየወለወለ። ፊቱ ላይ አይታው የማታውቀው ነገር ነበር። ፈርቷል።

"ልጄ" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጣዕሙ እሩቅ ሆነብኝ። እውነትሽን ንገሪኝ፣ ልክ ነበርኩ?"

ዓይኗን በጨው አጥባ፣ "ከነሴኮንዱ፣ አባዬ" አለችው።

ያን ጊዜ የፊቱን መብራት ብታዩ እናንተም ትዋሹ ነበር። ሰውየው ማንኪያዋን በአየር ላይ ወርውሮ ቀለባት። "እኔኮ ጠፋ ብዬ ነበር። ለካ አለ። ደከመ እንጂ አለ።" እሷም በምላስ ሰዓት ላይ የመነጽሩን ሰዓት ደገመችው። ለአንድ ቀን ነው አለች በልቧ፤ ነገ ይመለስለታል።

አልተመለሰለትም። በሚቀጥለው እሑድ ቀትር ላይ እሷና እናቷ ሳይነጋገሩ ሁለቱም ሾርባው ላይ ጨው ጨመሩበት። እሷ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ተፋችው፣ እናቷ ወደ ማጀት ሮጠች። አባቷ ሳህኑን አሟጥጦ ጠርጎ "ዛሬስ እጃችሁ ቀንቶታል" አለ። እናትና ልጅ ማጀት ውስጥ ተያዩ።

"እማዬ፣ እንንገረው እንዴ?"

"ምኑን ነው የምትነግሪው? ሰውየው ሌላ ምን አለው? ሆድ ይፍጀው" አለች እናቷ፣ የተረፈውን ሾርባ እየደፋች።

ሆድም ፈጀው። አሥራ አንድ ወር። እሱ ይጮኻል፤ አንድ ቀን ቀድሞ፣ አንድ ቀን ዘግይቶ። እሷ መነጽሩን አይታ ትቆርጣለች፣ ሁለቱንም ሣጥን በአንድ ሰዓት ትሞላለች። አንዳንዴ እንዳያስነቃ የአምስት ሴኮንድ፣ የስምንት ሴኮንድ ልዩነት ጣል ታደርግበታለች፤ ውሸትም እንደ ሌላው ሥራ በልምድ ይቀናል። ፈረቃው ሲያልቅ አባቷ መነጽሩን፣ ማለት የራሱን፣ አፍንጫው ላይ ሰክቶ ደብተሩን ያነባል። ሴኮንዶቹን በጣቱ እየተከተለ። ምላሱ የነገረውን ሳይሆን ደብተሩ የነገረውን ነበር የሚያምነው፤ አፉ ውስጥ ያለችው ምንም የማትመስል ነገር ጣዕም መሆኗን ደብተሩ መሰከረለት። ምላሱን የመለሰችለት እሷ ናት፣ በብዕር።

ክፋት አልነበረበትም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ብዙ ጥፋት ክፋት የለበትም፤ መጀመሪያው ላይ የሆነ ሰው የሆነን ሰው ስለሚወድ ነው የሚመጣው።

ከዚያ አዲስ ዓምድ ተተከለ። ሌላ ቤት ውስጥ ነው፣ ከግቢው ወዲያ ማዶ፤ ሬዚኑ አዲስ፣ ቧንቧው አዲስ፣ ታንከሩ የሚያብረቀርቅ። መነጽሩ ብቻ ገና አልደረሰም፣ ሦስት ወር ይቆያል ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ሲቆጣም ሲደሰትም ፊቱ አንድ የሆነ ሰው ነበር። የሚዛንን ደብተር አስመጥቶ ገጽ በገጽ ገለበጠው።

"አሥራ አንድ ወር" አለ። "ከአሥር ሴኮንድ በላይ ልዩነት የለም። ጋሽ ቀማሽ እያሉ መነጽር ለምን እንጠብቃለን? አዲሱን ዓምድ እሳቸው ያስጀምሩት።" ከዚያ ቀና ብሎ ሚዛንን አያት። "ደብተሩ ያንቺ ነው። ምን ትያለሽ?"

እዚያ ላይ መናገር ትችል ነበር። ቢሮው ውስጥ እሷ፣ ሥራ አስኪያጁና አባቷ ብቻ ነበሩ። አባቷ እጁን ሆዱ ላይ አጣምሮ፣ እንደ ሙሽራ አባት ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

"ያው ደብተሩ ላይ ያለው ነው" አለች።

በአዲሱ ዓምድ ላይ ቫልቩን እንዲይዝ የተመደበው መፍቻ ነበር። መፍቻ የሚሉት ከእጁ መፍቻ ስለማይለይ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ ሲናደድ ግን ቃል የሚጠፋበት ሰው። አሥራ አምስት ዓመት ቫልቭ ላይ ቆሟል። ጋሽ ቀማሽ "ቁረጥ!" ሲል ያዞራል፤ የሚያየው መነጽር የለ፣ የሚጠራጠርበት ምክንያት የለ። ሚዛን በአሮጌው ዓምድ ላይ ቀርታለች። በየጠዋቱ አባቷ ግቢውን አቋርጦ ወደ አዲሱ ቤት ሲሄድ በመስኮት ታየዋለች፣ ወደ ቫልቯ ትመለሳለች።

በስድስተኛው ቀን ጠዋቱ ብርዳም ነበር። የአዲሱ ታንከር ፓምፕ አቃሰተ፣ አቃሰተና ቆመ። መፍቻ መሰላሉን ወጥቶ ክዳኑን ሲከፍት ሽሮፕ የለም። ታንከሩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ረግቷል። ንጹህ ፍሩክቶስ እንዲህ አይረጋም፤ የሚረጋው ግሉኮስ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ግሉኮሱ አብሮ ሲገባ ከርሟል። ሠራተኛው ሁሉ አካፋና የእንፋሎት ጎማ ይዞ ወጣ፤ ሚዛንም ተጠርታ መጣች። ቀኑን ሙሉ ታንከሩ ውስጥ ቆማ የራሷን ሥራ በአካፋ ስትፈነቅል ዋለች።

ማን ነው ተባለ። ጋሽ ቀማሽ ሳያቅማማ መለሰ። "እኔ በሰዓቱ ነው የጮኽኩት። ምላሴን አውቀዋለሁ። ቫልቩ ነው የቀደመው።" መዋሸቱ አልነበረም። ዓምዱ መካከል ላይ ስላለ የመፍቻን እጅ አያይም፤ የራሱ ምላስ ደግሞ አሥራ አንድ ወር የተመሰከረለት ነው። ሌላ ምን ይበል? "የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል" ብሎ ጨመረበት።

"እሳቸው ሲ... ሲጮሁ ነው ያዞርኩት" አለ መፍቻ። ከዚያ ፊቱ ቀልቶ ዝም አለ፣ ዝምታውም ጥፋተኛ አስመሰለው። ሥራ አስኪያጁ በአንድ እጁ የመፍቻን ቃል፣ በሌላ እጁ የሚዛንን ደብተር መዘነ። መፍቻ ከሥራ ታገደ። ጉዳዩ ሐሙስ ጠዋት በኮሚቴ ይታያል ተባለ፤ ከተፈረደበት መባረር ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሚዛን ከፈረቃ ስትወጣ መፍቻ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። እጁ ባዶ ነበር፤ ያለ መፍቻው ሌላ ሰው መሰላት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አላት። "አሥራ አንድ ወር አብረሻቸው ሠርተሻል። አንድ ቀን እንኳ ቀድመው አያውቁም?"

"እኔ እንጃ" አለች። ሌላ ቃል ከየት ይምጣ?

"አይ፣ እንዲያው ነው። እሳቸውን ለመክሰስ አይደለም።" እጁን ገልብጦ አየው። "እጄን ተጠራጠርኩት። ትናንት ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ሚስቴን 'በል አሁን' በይኝ እያልኩ የበሩን እጀታ ሳዞር ዋልኩ። እየቀደምኩ ይሆን ብዬ። እሷ ደግሞ አበደ ብላ አለቀሰች።" ሊስቅ ሞከረ። "አሥራ አምስት ዓመት ያዞርኩበት እጅ እኮ ነው። ምናልባት እኔው ነኝ እያልኩ ነው።"

እሷ ተመልሳ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባች። ሣጥኗን ከፍታ ጭንቅላቷን ውስጡ ከታ አለቀሰች። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል። ላንዱ የሌለ ምላስ ሰጥታ፣ ከሌላው ያለውን እጅ ቀማች። ይህን ለራሷ በቃል ስትለው እንባዋ ቆመ፣ አፈረችና ፊቷን ታጥባ ወደ ቤቷ ሄደች።

አባቷ ለነገው ስብሰባ ጫማውን እየቀባ ነበር። ጋዜጣ አንጥፏል፣ ብሩሹን ግራና ቀኝ ይወስደዋል።

"ያሳዝናል" አላት ቀና ሳይል። "መፍቻ ጥሩ ልጅ ነው። ጥፋቱን ቢያምን እኔው ራሴ ተንበርክኬ እለምንለት ነበር። ሰው ጥፋቱን ማመን ነው የሚያቅተው።"

ሚዛን ማጀት ገባች። ሻይ አፈላች። የአባቷን ስኒ ሞልታ፣ የጨውን ዕቃ አወረደችና ሦስት ማንኪያ ጨመረችበት። እናቷ አየቻት፣ የእጇን አንጓ ለቀም አደረገች።

"ምን ሆነሻል አንቺ?"

"ልቀቂኝ እማዬ። አንድ ሰው ሥራውን ሊያጣ ነው።"

እናቷ ለቀቀቻት። ሚዛን ስኒውን ወስዳ አባቷ ፊት አስቀመጠች። እሱ ብሩሹን አኑሮ፣ እጁን ጠርጎ፣ አንድ ጊዜ ፉት አለ፣ ሁለተኛ ፉት አለ። "ተባረኪ" አላት። እሷ ቆማ ታየዋለች። ስኒው እስኪጋመስ ድረስ ቆመች። ይህንን ለራሷ ይቅር ብላው አታውቅም፤ እስኪጋመስ ድረስ።

"አባዬ" አለች። "ጨው ነው።"

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ በማጀቱ በር የቆመችውን ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ መሬት መሬት ታያለች። ሳቁ ፊቱ ላይ ሳይወርድ ቀዘቀዘ። ስኒውን ወደ ብርሃኑ አነሣው፤ ሻይ ይመስላል። አንድ ጊዜ ደገመ፣ አፉ ውስጥ አቆየው፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ ልክ ዓምዱ ግርጌ ቆሞ እንደሚያደርገው። ሲገልጠው ዓይኑ ውሃ ሞልቷል።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከታመምክ ጀምሮ።"

"ደብተሩስ?"

"እኔ ነኝ። የመነጽሩን እየደገምኩ ነው የጻፍኩት። ከመጀመሪያው ቀን።"

ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ ብታገኘው ቁጣ ያሳርፋት ነበር። እሱ ግን የተቀባውን አንዱን ጫማና ያልተቀባውን ሌላውን እያየ ብዙ ቆየ።

"ጠይቄሽ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ጠይቄሽ ነበር እኮ ልጄ።"

ከዚያ ብሩሹን አንሥቶ ሁለተኛውን ጫማ ቀባ።

ሐሙስ ጠዋት አብረው ሄዱ። ፋብሪካው በር ላይ ሲደርሱ ቆመ። "እዚያ ውስጥ አፍሽን እንዳትከፍቺ" አላት።

"አባዬ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ..."

"እኔ የምወጣ ሰው ነኝ። አንቺ ገና ነሽ። አንድ ጊዜ እንኳ ያልኩሽን አድርጊ።"

የስብሰባው ክፍል ጠባብ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰባት ወንበር፣ መካከል ላይ የእሷ ደብተር። መፍቻ ዳር ላይ እጆቹን ከጭኑ በታች አድርጎ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ብሎ ሊጀምር ሲል ጋሽ ቀማሽ ተነሣ። ማንኪያዋን ከኪሱ አውጥቶ ደብተሩ ላይ አስቀመጣት።

"ይህ ልጅ ጥፋት የለበትም" አለ። "ስጮህ ነው ያዞረው። ከታመምኩ ወዲህ ምላሴ አይሠራም። ሞቷል።"

"ታዲያ ደብተሩ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"የመነጽሩን እያየሽ የኔ ላይ ድገሚው እላት ነበር። አባቷ ነኝ፣ ምን ትበል? አዝዤ ነው ያስጻፍኳት።"

ሰውየው ውሸት አያውቅበትም። ጆሮው ቀልቷል፣ ሲናገር የሚያየው ጣሪያውን ነበር። ሚዛን ግማሽ ድረስ ተነሣች። አባቷ ዞሮ አያት፤ ተቀመጠች።

"እንደዚያ ነው?" አላት ሥራ አስኪያጁ።

በአንድ ዓመት ውስጥ አራተኛ ጊዜ መጠየቋ ነው። አባቷ አንድ ጊዜ፣ መፍቻ አንድ ጊዜ፣ ይህ ሰው ሁለት ጊዜ። ይፈረድባት የምትሉ ፍረዱባት፤ አባቷ ጠረጴዛውን በጣቶቹ ጨብጦ እየለመናት ነበር።

"አዎ" አለች።

ፍርዱ አልረዘመም። መፍቻ ከነገ ጀምሮ ወደ ሥራው ይመለስ፤ ጋሽ ቀማሽ ከዛሬ ጀምሮ ጡረታ ይውጣ፤ ሚዛን በማስጠንቀቂያ ትታለፍ። ማንኪያዋን ማንም አላነሣትም።

እሷ በፍርሃቷ ያላሰበችው ነገር ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። አባቷ የመፍቻን እጅ ሊጨብጥ እጁን ዘረጋ። መፍቻ እጁን አየው፣ አልጨበጠውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ንዴት ቃል አልነሣውም።

"ምላስዎ እንደሞተ እያወቁ ነው 'ቫልቩ ነው' ያሉት? እያወቁ? እኔ ልጆቼ ፊት እጄን ስፈትን እርስዎ እያወቁ ተኝተው ያድሩ ነበር?"

ጋሽ ቀማሽ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ልጁን የደበቀባት ያቺ አንድ ውሸት ሌላም ሸክም እንደጨመረችበት ያን ጊዜ ነው የገባው። አላወቅሁም ቢል ደብተሩ ይነሣል፣ ደብተሩ ከተነሣ እሷ ትነሣለች። "ይቅር በለኝ" ብቻ አለና፣ በተቀባ ጫማው ቀስ ብሎ ደረጃውን ወረደ። በየበሩ የቆሙት ሠራተኞች አላናገሩትም። ከኋላው አንዱ "ለካ ምላሱ ለሌላም ይሠራ ኖሯል" አለ፣ ሌሎቹ ሳቁ።

መፍቻ ወደ ሚዛን ዞረ። ድምፁ ለሰለሰ።

"አንቺን ጠርጥሬሽ ነበር" አላት። "ትናንት በር ላይ ሳናግርሽ፣ ይህች ልጅ የምታውቀው ነገር አለ ብዬ ነበር። ለካ ታዘሽ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ እሺ?"

"ምንም አይደል" አለችው።

አፏ ነው ያለው፤ እሷ የት እንደነበረች አታውቅም። ፈረቃዋን ጨረሰች፣ ሁለቱን ሣጥን ልትሞላ ብዕር አነሣች፣ በምላስ ሰዓት ላይ ሰረዝ አደረገችበት። ከዚያ ወደ ቤት ሄደች።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀምጧል፣ እናቷ አጠገቡ ጥጥ ትፈትላለች። ሚዛን ማጀት ገብታ ሻይ አፈላች። ስኳር ጨመረች፣ ሦስት ማንኪያ፤ ስኳር መሆኑን ሁለት ጊዜ ቀመሰችው። አማሰለችው። ወስዳ ፊቱ አስቀመጠችለት።

"ስኳር ነው፣ አባዬ።"

እሱ ስኒውን አላነሣም። ሌባ ጣቱን ሻዩ ውስጥ ጠለቅ አደረገና አወጣት፣ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረጋት። ከዚያ ሁለቱን ጣቶች ገጥሞ ጠበቀ። የሽሮፕ ሰው የሆነ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጨው ሲደርቅ ይፈረፈራል፣ ስኳር ሲደርቅ ጣት ከጣት ያጣብቃል። እናቷ እንዝርቷን አቆመች። ጣቶቹ እስኪደርቁ ድረስ ሦስቱም ጠበቁ። ሊያላቅቃቸው ሲል ያዝ አደረጉት።

ያን ጊዜ ስኒውን አንሥቶ ጠጣ።

ሚዛን እስኪጨርስ ጠበቀችው። ስኒውን ወስዳ አጠበች፣ ገልብጣ አስቀመጠች። ከዚያ ካፖርቷን አወረደች።

"ወዴት ነው?" አለች እናቷ።

አባቷ ያውቃል። አየት አደረጋት፣ "ተይ" ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ አላለም። የመፍቻ ቤት ከድልድዩ ማዶ ነው፤ በእግር ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል።